በደንገጎ ግርጌ፦ ስለ ድሬዳዋ ድርብርብ አለቶች ታሪክ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ በሰጡት ጊዜ፣ እርሱም ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ሥራውን ለማቋቋም በተነሣ ጊዜ፣ የሐሳቡ መንገድ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ሐረር ከተማ መግባት፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ መዝለቅ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ መድረስ ነበረ። ሐዲዱ ግን ሦስት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የኢሳንና የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ቆመ። የመጀመሪያው ባቡር ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. የደረሰበት ስፍራም፣ ሐረር መድረስ ስላልተቻለ ለማጽናኛ ይመስላል፣ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ይህ ስም ብዙ ሳይቆይ ቀረና የአገሩ ሰው ሲጠራው የኖረው ድሬዳዋ ጸና።

ስለ ከተማይቱ አመሠራረት የጻፉ ሰዎች የሐዲዱን መቆም ሲተርኩ የገንዘቡን እጥረት፣ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን ፉክክር፣ የኩባንያውንም ዕዳ ያነሣሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1907 ፈርሶ ሌላ እስኪተካው ድረስ ሥራው ተስተጓጉሎ ነበርና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ሞልቶ ቢትረፈረፍ እንኳ መሐንዲሶቹ ፊት የቆመው ነገር ዕዳ ሳይሆን ድንጋይ ነበረ። ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ከሚገኘው ከድሬዳዋ ሜዳ ተነሥቶ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ የሚያደርሰው የደንገጎ ዳገት፣ ዛሬ በመኪና ወደ ሐረር ወይም ታኅሣሥ 19 ቀን ለንግሥ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣ ሰው ጆሮው እየተደፈነ የሚያልፈው ያ መጠምዘዣ፣ ለእንፋሎት ባቡር የሚሆን መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት ሲባል እናቲቱን ብቻ መጥራት ነው፤ አባቷ ይህ ግድግዳ ነው።

እኔም በዚህ ጽሑፍ የምተርከው የግድግዳውን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ከምን ከምን እንደተሠራ፣ ሊቃውንትም ንብርብሩን እንዴት እየለዩ ስም እንደሰጡት።

ከከዚራ ሰፈር ጥላማ መንገዶች ወጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ ያቀና ሰው ተራራው በመስመር በመስመር ተነባብሮ ያያል። ከታች በየሸለቆው ሆድ የሚገለጠው ዥንጉርጉርና አብረቅራቂ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ ቀይና ቢጫ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ወፍራሙ አመድማ የኖራ ድንጋይ፣ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ፣ በመጨረሻም በየቦታው ተቆራርጦ የቀረው ጥቁሩ ባዛልት ይመጣል። ዐይን ይህን ሁሉ የአንድ ሠሪ ሥራ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን አለት ድርብርብ መሆኑ የማን ልጅ እንደሆነ አይመሰክርም፤ የታችኛው መስመር ከሙቀትና ከጭነት፣ የመካከለኛው ከውሃ፣ የላይኛው ከእሳት የተገኘ ነው። የምድር ጥናት ታሪክ ዋናው ክርክርም ይህንኑ ለማወቅ የተደረገ ክርክር ነበረ።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ፍጥረት የቆመባቸውን አራት ባሕርያት ሲቈጥሩ መሬትን፣ ውሃን፣ ነፋስንና እሳትን ይላሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓ የተነሡት የድንጋይ ጠቢባን ከእነዚህ በሁለቱ፣ በውሃና በእሳት፣ ተከፍለው ተሟገቱ። በሳክሶኒ በፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አብርሃም ጎትሎብ ቬርነር ጥቁሩ ባዛልት እንኳ ሳይቀር ከጥንታዊ ውቅያኖስ የረጋ ዝቃጭ ነው ብሎ አስተማረ። ለዚህም ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ ባዛልት ከሌሎቹ የደለል ድንጋዮች መካከል እንደ እነርሱው ጠፍጣፋ ሆኖ ተነባብሮ መገኘቱ ነው። ደቀ መዛሙርቱም በባሕር አምላክ ስም ኔፕቱናውያን ተባሉ። ፈረንሳዊው ኒኮላ ደማሬ ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1763 በኦቬርኝ ተራሮች የባዛልቱን ዐምዶች እግር በእግር ተከትሎ ቢሄድ ከጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ደረሰ። ስኮትላንዳዊውም ጄምስ ሃተን ግራናይት በሌላው አለት ስንጥቅ ውስጥ ቀልጦ እንደገባ በዐይኑ አይቶ፣ ከምድር በታች ያለው ሙቀት አለት ሠሪ መሆኑን አስረዳ። ቬርነር ደንገጎ ሥር ቆሞ ቢሆን ጥቁሩን ከነጩ ጋር በአንድ ወገን መቍጠሩ አይቀርም ነበር፤ በአንድ መልክ ተጋድመው አይቷቸዋልና። እርሱን መንቀፍ ግን ቀላል አይደለም፤ እኛም የእርሱን ስሕተት ዛሬም በየቀኑ እንሠራዋለን።

እሳት ወለዱ አለት እንዴት ይነባበራል? አንደኛው መንገድ በምድር ላይ የሚሆነው ነው። ባዛልት የሚሆነው ላቫ ቀጭን ነውና ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ስንጥቅ ሲያገኝ እንደ ጎርፍ ይፈስሳል፤ ተራራ አይሠራም፤ ይልቁንም ሸለቆውን ሞልቶ አገሩን ሜዳ ያደርገዋል። አንዱ ፍሰት ከበረደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ መቶም ሺህም ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የቀደመው ፍሰት ላዩ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል፣ ሣር ያበቅላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እሳት በላዩ ሲያልፍ አፈሩን እንደ ሸክላ ይተኵሰዋል። ስለዚህ በሁለት ጥቁር ንብብሮች መካከል ስንዝር የማይሞላ ቀይ መስመር ያየ ሰው የተቃጠለ የጥንት ማሳ እንዳየ ይወቅ። ፍሰቱም ራሱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም፤ ላዩ ከውስጡ ባመለጠው ጋዝ የተበሳሳ፣ መካከሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀስ ብሎ በመቀዝቀዙም በብዛት ስድስት ማዕዘን ባላቸው ዐምዶች የተሰነጠቀ ነው። ተበሳስቶ ለጠራቢ መሮ የሚመች የሆነው እሳት ወለድ አለት ባይኖር ኖሮ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ድንጋይ ሊፈለፈሉ እንደማይችሉ ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም።

እንዲህ ያለው የእሳት ጎርፍ በኢትዮጵያ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወርዶ፣ ዋነኛው ክፍል በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ተጠናቆ፣ በሰሜኑ ደጋ እስከ ሁለት ሺህ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው ክምር ትቶ አልፏል። በሐረርጌ ደጋ ይህ ክምር ይሳሳል፤ ብዙውንም ዝናብና ወንዝ ጠርበው ወስደውታል፤ ወደ ምዕራብ ግን 3381 ሜትር ከፍታ ያለው ጋራ ሙለታ ላይ እንደገና ይገንናል።

ይህን ጥቁር ክምር ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት የመደበው ሰው የመጣው ለዕውቀት ሳይሆን ከጦር ጋር ነው። ዊልያም ብላንፎርድ በሕንድ የምድር ጥናት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል እንግሊዛዊ ነበረና፣ በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት አብሮ ዘመተ። ሠራዊቱ መድፍ በዝሆን ሲጭን እርሱ መዶሻውን ይዞ የየገደሉን ድንጋይ ይጠርብ ነበር። በሕንድ የደካንን የባዛልት ደጋ አስቀድሞ ስላየ የኢትዮጵያው ምን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገረም። በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የእሳት ወለዱን ክምር በሁለት ከፈለው፤ የታችኛውን፣ ዘንበል ያለውንና ያረጀውን፣ በአሸንጌ ሐይቅ ስም የአሸንጌ ወገን አለው፤ የላይኛውን፣ ጠፍጣፋውንና ወጣቱን፣ የመቅደላ ወገን ብሎ ሰየመው። ከባዛልቱ በታች ያገኛቸውን የውሃ ልጆችም ባያቸው ስፍራ ጠራቸውና የዓዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ ተባሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ጣልያናዊው ብሩኖ ዛኔቲንና ባልደረቦቹ የእሳት ወለዱን ምድብ አስፍተው ከአሸንጌ በላይ አይባን፣ አላጄንና ጣርማበርን ጨመሩበት።

እንግዲህ በድሬዳዋ ግድግዳ ላይ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ስሙ ዓዲግራት የሆነው ስለዚህ ነው፤ የኖራው ድንጋይ ደግሞ በሰሜን እንጣሎ ሲባል በምሥራቅ ከኦጋዴን በተወሰደ ስም ሐማንሌ ይባላል፤ የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ በትግራዩ እምባ አራዶም ይጠራል። የድሬዳዋ ሰው በቤቱ ደጃፍ ያለውን ድንጋይ በመቶዎች የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ አምባ ስም መጥራቱ ሊያስገርመው ይችላል። በእኔ ግምት ነውር የለበትም፤ የድንጋይ ምድብ የሚሰየመው ንብብሩ መጀመሪያ በደንብ በተጻፈበት ስፍራ ነውና። ነገር ግን ተጓዡ የሄደበት መንገድ የዕውቀቱን ካርታ እንደሚወስነው ግልጽ ነው፤ ናፒር በዙላ ሳይሆን በዘይላ በኩል መጥቶ ቢሆን ኖሮ የትግራይ ልጆች ዛሬ የደንገጎን ስም በትምህርት ቤት ይሸመድዱ ነበር።

ምድብ በስፍራ ስም ብቻ አይቆምም። እሳት ወለድ አለት በሁለት ጥያቄ ይለያል። አንደኛው የት ቀዘቀዘ የሚል ነው፤ በምድር ገጽ ፈጥኖ የቀዘቀዘው ፍሬው ለዐይን የማይታይ ደቃቅ ሲሆን፣ በጥልቅ ቀስ ብሎ የረጋው ፍሬው ጎልቶ ይታያል፤ ከአንድ ዓይነት ቅልጥ ከላይ ባዛልት፣ ከታች ጋብሮ ይወጣል። ሁለተኛው በውስጡ ያለው የሲሊካ መጠን ነው፤ ከመቶው ከ45 በታች ከሆነ እጅግ ጥቁርና ከባድ ከሆነው ወገን፣ ከ45 እስከ 52 ከሆነ ከባዛልት ወገን፣ ከ52 እስከ 63 ከሆነ ከመካከለኛው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ራዮላይትና ግራናይት ካሉበት ከነጣው ወገን ይቈጠራል። የስያሜው ብዛት በየአገሩ እየተለያየ ሊቃውንትን ባሰለቸ ጊዜ የስዊሱ አልበርት ሽትሬክአይዘን የዓለም የምድር ጥናት ማኅበራትን አሰባስቦ የአንድነት ስያሜ እንዲወጣ የደከመው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ድንጋይ በፓሪስ ሌላ፣ በለንደን ሌላ ስም ነበረው።

የሚያስደንቀው ግን ሁለተኛው የእሳት ንብብር፣ በምድር ሆድ ውስጥ የሚሆነው ነው። ማግማ ወደ ላይ መውጫ አጥቶ በጥልቅ ጓዳ ሲታቆር ሁሉም ማዕድን በአንድ ጊዜ አይረጋም፤ በብዛት አስቀድሞ ኦሊቪንና ክሮማይት፣ ቀጥሎ ፓይሮክሲንና ፌልድስፓር ይረጋሉ፤ የቀረውም ቅልጥ የወጣበትን እያጣ ጠባዩን ይለውጣል። ካናዳዊው ኖርማን ቦወን በ1928 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያስተማረው ይህንን ነው። ጠላ በጋን ሲውል አተላው ወደ ታች እንደሚዘቅጥ ከባዱ ማዕድን በጓዳው ወለል ይጠራቀማል፤ የሊቃውንቱ የመጀመሪያ ግምትም ይኸው ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው ሎውረንስ ዌጀር በ1930 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ግሪንላንድ ስኬርጎርድ በተባለ ስፍራ በበረዶ የተጠረበ ጋብሮ ተራራ አየ፤ ጥቁርና ነጭ መስመሩ እንደ ደለል ድንጋይ ሥርዓት ያለው ነበር። በ1935 ተመልሶ ክረምቱን እዚያው ከርሞ፣ ከዊልያም ዲር ጋር በ1939 ታላቁን ጥናት አሳተመ። በ1960ም ከብራውንና ከወድስወርዝ ጋር የእነዚህን አለቶች ምድብ አወጣ፤ መለያው በመጀመሪያ በተጠራቀሙት ፍሬዎች መካከል የቀረው ቅልጥ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት፣ ወይስ ፍሬዎቹ ራሳቸው አድገው ክፍተቱን ዘግተውታል የሚል ነው። የመስመሮቹም ዓይነት ይለያል፤ አንዳንዱ የማዕድኑ ብዛት እየተለዋወጠ ለዐይን ይታያል፣ አንዳንዱ አዲስ ማዕድን ሲጀምር ወይም አሮጌው ሲያበቃ ይታወቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስውር ነውና የማዕድኑ ውስጠ ጠባይ ብቻ እየተለወጠ ስለሚሄድ ያለ ኬሚስት ምርመራ አይገኝም።

ሆኖም የአተላው ምሳሌ እስከ መጨረሻው አላገለገለም። ፌልድስፓር ከቅልጡ የቀለለ ሆኖ ሳለ መንሳፈፍ ሲገባው በወለሉ ንብብር ውስጥ ተገኘ፤ ይህም ሊቃውንቱን እርስ በርስ አከራከረ። በ1979 እ.ኤ.አ. መክበርኒና ኖይስ ብዙው ፍሬ ከላይ ወርዶ ሳይሆን እዚያው በወለሉና በግድግዳው ላይ በቅሎ ነው የሚለውን ሐሳብ አጠናከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ ጥቅሙ ግን የነጋዴንም ልብ ይስባል፤ የዓለም ፕላቲኒየም ብዛቱ፣ ከክሮሚየሙም ታላቅ ክፍል የሚወጣው በደቡብ አፍሪካ ቡሽቬልድ ከተባለው ከእንዲህ ያለ የምድር ጓዳ ነውና።

በድሬዳዋ ግድግዳ ይህ ዓይነቱ ንብብር የለም፤ ለማየት የሚሻ ወደ ምዕራብ ወለጋ ይሂድ። በጊምቢ አጠገብ ያለው የቢቅላል ጋብሮ አካል በድርብርብነቱ የታወቀ ሲሆን፣ ብረትና ቲታኒየም ያለባቸው መስመሮች፣ ለማዳበሪያ የሚሆነውን ፎስፌት የያዘው አፓታይትም በውስጡ ይገኛሉ። ከዚያው ወገን በዩብዶ የሚገኘው ጥቁር አለት ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕላቲኒየም የታጠበበት ነው። የድሬዳዋ መሠረት ከሆነው ዥንጉርጉር አለት ጋር የሚያዛምዳቸው ዕድሜ ነው፤ ሁለቱም ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ የቆየው የአሮጌው አፍሪካ መሠረት አካል ናቸው። የድሬዳዋው ሽንትር ግን በማዕድን መርጋት የተገኘ አይደለም፤ የቀድሞው አለት፣ ደለልም ይሁን ግራናይት፣ በጥልቅ ተጨምቆና ግሎ ማዕድኑ በሰልፍ ስለቆመ ነው። እንግዲህ ሦስተኛዋ የንብብር እናት ይህች የግለትና የጭነት ሥራ ናት፤ ዐይንን በማታለልም ከሁሉ ትብሳለች።

ድሬዳዋን በራሷ ለማንበብ ከመጡት መካከል ከሁሉ የምወደው ካህን ነው። ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ሆኖ ሳለ የምድር ጥናት ሊቅ ነበረ፤ ስለ ፍጥረት በጻፈው ምክንያት ከአለቆቹ ጋር ስላልተስማማ ብዙ ዓመታት በቻይና አሳለፈ። በ1921 ዓ.ም. ወደ ቻይና ሲመለስ መንገዱን በቀይ ባሕር አድርጎ ወዳጁን አንሪ ደ ሞንፍሬድን ለመጠየቅ ወረደ፤ ሞንፍሬድም በቀይ ባሕር ላይ መሣሪያና ሐሺሽ በማሻገር ስሙ የወጣ፣ በድሬዳዋም ቤት የነበረው ሰው ነበረ። አንድ መነኩሴና አንድ ኮንትሮባንዲስት አብረው የሐረርጌን ገደል ሲቃኙ ማሰብ ፈገግ ያሰኛል። የጉዞው ፍሬ በ1930 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የምድር ጥናት ማኅበር መዝገብ ሲታተም፣ ታላቁ የእሳተ ገሞራ ሊቅ አልፍሬድ ላክሯ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበረ።

ከዚሁ ጉዞ ጋር ስሙ የተያያዘው በከተማዋ ደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ በኖራ ድንጋይ ገደል ውስጥ የሚገኘው ዋሻ ነው፤ ፈረንሳዮቹ በጃርት ስም ፖርክ ኤፒክ አሉት። በ1933 እ.ኤ.አ. አባ አንሪ ብሮይና ፖል ቬርነርት ቆፈሩት፤ የሰው መንጋጋ ስባሪም ተገኘ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደዝሞንድ ክላርክና ኬኔት ዊልያምሰን እንደገና ቆፈሩት። ከዋሻው በሺህ የሚቈጠር የድንጋይ መሣሪያ፣ 40 ኪሎ ያህልም የቀይ ቀለም አፈር ወጣ። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ባልጩቱ ነው። ባልጩት ማለት ሲሊካ የበዛበት ላቫ ፍሬ ለመያዝ ጊዜ አጥቶ እንደ መስታወት የረጋበት እሳት ወለድ ነው፤ በዋሻው አካባቢ ካለው የኖራ ድንጋይ አይገኝም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አጋዚ ነጋሽ ከባልደረባው ጋር የባልጩቱን ኬሚስትሪ መርምሮ ምንጩን ቢፈልግ ወደ አሰቦት፣ ወደ አየሉና እስከ ቆኔ ድረስ ሄደበት፤ ይህም እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ነው። ስለሆነም የድሬዳዋ ሰው ብላንፎርድ ከመወለዱ በአሥር ሺህዎች ዓመታት በፊት የውሃውን ድንጋይ ለማደሪያ፣ የእሳቱን ድንጋይ ለስለት ለይቶ ያውቅ ነበር። ይህንንም ከምድብ ታሪክ ውጭ የሚያደርገው ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋር አልስማማም።

ግድግዳው ግን ለምን ግድግዳ ሆነ? ንብብሩ ሲሠራ ደጋና ቆላ አልነበረም፤ የኖራው ድንጋይ የተጠራቀመው ባሕር አገሩን ሁሉ በሸፈነበት በዩራሲክ ዘመን ነውና በውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት ይገኛል። ከእሳቱ ጎርፍ በኋላ ግን ዐረቢያ ከአፍሪካ ስትለይ ምድር በደንገጎ ጠርዝ ተሰነጠቀችና ወደ ሰሜን በኩል ያለው በደረጃ በደረጃ ሰመጠ። ጥቁሩ ባዛልት በደጋው ጫፍም በከተማው ሜዳ ጉብታዎችም የሚገኘው ስለዚህ ነው፤ አንዱ ክፍል ወርዶ ነው እንጂ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ አይደለም። ወደ አፋር ዝቅ ሲባል ደግሞ ከ4 እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ሌላ የባዛልት ድርብርብ ሜዳውን ይሸፍናል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሃሩን ታዚየፍ ጋር የመጡት የፈረንሳይና የጣልያን ሊቃውንት ንብብሩ ደለል ቢመስልም ደለል አይደለም ለማለት ስትራቶይድ የሚል ስም ሰጡት፤ የቬርነርን ስሕተት በስሙ ውስጥ አስታውሰውለታል። ፖል ሞር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እያስተማረ የኢትዮጵያን የምድር ጥናት በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ፤ የምድር ጥናት ሊቁ ካዝሚን በ1973 እ.ኤ.አ. የመላውን አገር ካርታ አወጣ፤ በ1996 እ.ኤ.አ.ም ኢትዮጵያውያኑ መንገሻ ተፈራ፣ ታዲዮስ ቸርነትና ወርቅነህ ሃሮ ሁለተኛውን ካርታ አዘጋጁ። ብላንፎርድ መዶሻውን ካነሣ 128 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከተማይቱ እስከዚያው ምድቡን ሳትጠብቅ በድንጋይዋ ስትተዳደር ኖረች። የኖራውን ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር አቃጥሎ ሲሚንቶ የሚያደርገው የመጀመሪያው የአገራችን ፋብሪካ በጣልያን ወረራ ዘመን እዚሁ ተተከለ። የሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶች የሚጠጣውን ውሃ የሚያወጡት ከዚሁ የተሰነጣጠቀ አለትና ከላዩ ካለው ደለል ነው፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እየጋገረ የባልቴቶችን ትዕግሥት የሚፈትነው ነጭ ቅርፊትም የዩራሲክ ባሕር ዝቃጭ እንጂ ሌላ አይደለም።

የሁሉም ማከማቻ ደቻቱ ነው። በበጋ ደርቆ የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው ይህ አሸዋማ ወንዝ በክረምት ከግድግዳው የሚወርደውን ሁሉ ይቀበላል፤ በሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት 1998 ዓ.ም. የወረደው ደራሽ ውሃ ከ250 በላይ ሰዎችን መግደሉን ከተማው አይረሳም። በደረቁ ጊዜ አሸዋ የሚዝቁት ሠራተኞች በወንፊት የሚያስቀሩትን ድንጋይ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ግድግዳውን በሙሉ በእጁ ያገኘዋል። አመድማውን ሎሚ ቢያንጠባጥቡበት አረፋ ይደፍቃል፤ ይህ የኖራው ነው። ቀዩ በጥፍር ሲፈተግ አሸዋ ይጥላል። ዥንጉርጉሩ በፀሐይ ሲገለበጥ በማይካው ያብለጨልጫል። ጥቁሩ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ በላዩ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎችም አንዳንዴ በነጭ ማዕድን ተሞልተው ይገኛሉ፤ እነዚያ ከላቫው ያመለጠው ጋዝ የተዋቸው አረፋዎች ናቸው። ሠራተኞቹ ለኮንክሪት የሚሆነውን ጥቁሩን ለብቻ ይከምራሉ፤ መምህር አላስተማራቸውም፤ ጥንካሬው ነው ያስተማራቸው።

እንግዲህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የድሬዳዋ መምህራን ስለ አለት ዓይነቶች ሲያስተምሩ የአውሮፓን ሥዕል ከሰሌዳ ላይ ከመገልበጥ ይልቅ ተማሪዎቻቸውን በበጋ ወራት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጧት፣ ደቻቱ ያውርዷቸው፤ በዚያው ሳምንትም ደንገጎ ያውጧቸው። የከተማው ሹማምንትም የደንገጎ መንገድ በየጊዜው ሲሰፋና ድንጋይ ሲፈነዳ፣ ከታች እስከ ላይ ያሉት ንብብሮች የሚታዩበትን አንድ ቍራጭ ገደል መርጠው ሳይነካ እንዲቀር ያድርጉ፤ አጠገቡም የየንብብሩን ስምና ዕድሜ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚናገር አንድ ሰሌዳ ያቁሙ። ወጪው የአንድ ሰሌዳና የጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶውም ከዚያው ድንጋይ የተሠራ ነው።